የደብተራ ኦሪት ሒሳብ ለምን አይሰበክም?

መክፈቻ

ሙሴ በምድረ በዳ ስላሠራው የማደሪያ ድንኳን፣ ስለ ደብተራ ኦሪት የሚሰበከው አብዛኛው ስብከት ከኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 25 ይነሣና ምዕራፍ 35 ላይ ይቆማል። ልቡ የፈቀደ ሁሉ ወርቅ፣ ብርና ናስ፣ ሰማያዊና ሐምራዊ ግምጃ፣ ጥሩ በፍታ፣ የፍየል ጠጉር፣ የግራር እንጨት ያምጣ ተባለ፤ ሕዝቡም አመጣ። ከዚህ በኋላ ሰባኪው ወደ እኛ ይዞርና እናንተስ ምን ይዛችሁ መጣችሁ ይለናል። በመድረካችን ላይ ይህን ክር፣ ማለት ይህን የውይይት ርእስ፣ የከፈትኩት ከዚያ ቀጥለው የሚመጡት ምዕራፎች ለምን እንደሚዘለሉ ለመጠየቅ ነው።

በምዕራፍ 36 ጥበበኞቹ ሁሉ የያዙትን ሥራ ትተው ወደ ሙሴ መጡ፤ ሕዝቡ ለሥራው ከሚበቃው በላይ እያመጣ ነው አሉት። ሙሴም በሰፈሩ አዋጅ አስነገረ፤ ወንድም ሆነ ሴት ከእንግዲህ ለመቅደሱ ምንም እንዳያዘጋጅ ታዘዘ፤ ሕዝቡም ከማምጣት ተከለከለ። በምዕራፍ 38 ደግሞ የገባው ሁሉ መክሊትና ሰቅል በሚባሉ የጥንት የክብደት መለኪያዎች ተመዝኖ ተጻፈ። ወርቁ 29 መክሊት ከ730 ሰቅል፣ ብሩ 100 መክሊት ከ1,775 ሰቅል፣ ናሱ 70 መክሊት ከ2,400 ሰቅል ነበር። ወርቁ ብቻ በዛሬ መለኪያ 1 ቶን ገደማ ይሆናል። ቆጠራው በሙሴ ትእዛዝ ሆነ፤ ኃላፊውም የአሮን ልጅ ካህኑ ኢታምር ነበር።

የምለው እንግዲህ ይህ ነው። እነዚህ ሁለት ምዕራፎች ከኪሩቤልና ከመጋረጃው ባላነሰ ለነፍስ የሚሆን ትምህርት አላቸው። የእግዚአብሔር ማደሪያ ሲሠራ ስጡ ተባለ፤ ሲሞላ ይበቃል ተባለ፤ ሲያልቅ ሒሳቡ ተቆጥሮ ተጻፈ። ከሦስቱ የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ ሕንፃ የሚያሠራ ኮሚቴ በሙሴ ሥርዓት እየሠራሁ ነው ሊል አይችልም። እናንተስ በየአጥቢያችሁ ምን ታያላችሁ ብዬ ጠየቅሁ።

ክሩ ከጠበቅሁት በላይ ረዘመ። የመልሶቹን ፍሬ ነገር በቁጥራቸው ተራ አቀርባለሁ፤ አንዳንዱን በዝርዝር፣ አንዳንዱን በአጭሩ።

መልስ 1። ከሐዋሳ የጻፈልን የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ሰላምታና ምስጋና ካቀረበ በኋላ ብሩን ራሱ አስልቶ አመጣልን። ዕድሜያቸው 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆኖ የተቆጠሩት ወንዶች 603,550 ናቸው፤ እያንዳንዱ ግማሽ ሰቅል ሰጠ። ድምሩ 301,775 ሰቅል ይሆናል። አንድ መክሊት 3,000 ሰቅል ስለሆነ 100 መክሊት ወጥቶ 1,775 ሰቅል ይተርፋል፤ ልክ ምዕራፍ 38 እንደሚለው። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከተማሪዎቹ ጋር አብረው ሲያሰሉት ልጆቹ ቁጥሩ መግጠሙን አይተው እንዴት እንደተደሰቱም ነገረን።

ከዚያ ወደ ትምህርቱ ገባ። 100ው መክሊት 100 የብር እግሮች ሆኖ ፈሰሰ፤ 96ቱ ከ48ቱ ሳንቃዎች ሥር፣ 4ቱ መጋረጃውን ከሚይዙት ምሰሶዎች ሥር ዋሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ እግር የ6,000 ሰው ግማሽ ሰቅል ነው። ምዕራፍ 30 ባለጠጋው ከዚህ አይጨምር፣ ድሃውም አያጉድል ይላል። ወርቁን ልቡ የፈቀደ ሰጠ፤ መሠረቱ ግን ሁሉም እኩል ያዋጣበት ነው። በደብተራ ኦሪት መሠረት ላይ ይህ እግር የእገሌ ነው ተብሎ ስም ሊጻፍበት የሚችል ቦታ የለም አለ። የሰጪውን ስምና የሰጠውን መጠን በድምፅ ማጉያ የመጥራት ልማዳችንን ሳስብ ይህን መልስ ደጋግሜ አነበብኩት።

መልስ 2። ጸጋውን ያብዛልህ የሚል ምርቃት ብቻ። አሜን።

መልስ 3። ሜሪላንድ የምትኖር እህት ክሩን ወደ ሴቶቹ መለሰችው። ሰባኪ ሁሉ ስለ ዋናው ባለሙያ ስለ ባስልኤል ይናገራል፤ ምዕራፍ 35 ግን በልባቸው ጥበበኞች የሆኑ ሴቶች በእጃቸው ፈትለው ሰማያዊውን፣ ሐምራዊውን፣ ቀዩንና በፍታውን አመጡ፤ ልባቸው ያነሣሣቸው ደግሞ የፍየሉን ጠጉር ፈተሉ ይላል። እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ እንዝርት ስታሾር እንደኖረች፣ ሸማው ሲያልቅ የሚመሰገነው ግን ሸማኔው ብቻ እንደነበረ ጻፈች። የእናቷ ሥራ በኦሪት ጥበብ ተብሎ መጠራቱን ሰባኪ ነግሯት አያውቅም፤ ራሷ አንብባ ነው ያገኘችው። ሐሳቧን የቋጨችው ወደ ጥያቄዬ በመመለስ ነው፤ ሒሳብ ይነበብ ከተባለ ጉልበት የሰጡትም ይነበቡ፤ በየበዓሉ ከሌሊት ጀምሮ ወጥ የሚሠሩትን፣ ወለል የሚያጥቡትን ማንም አይመዘግባቸውም።

መልስ 4። ሳዑዲ ዓረቢያ በረሃ ላይ የሠራ ወንድም የፍየል ጠጉር ሲባል ጊዜ የዘላኖቹ ጥቁር ድንኳን ትዝ እንዳለው ጻፈ። ጠጉሩ ዝናብ ሲነካው ያብጥና ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ሲደርቅ ይላላና አየር ያስገባል። ከበፍታው 10 መጋረጃዎች በላይ የተዘረጉት 11 የፍየል ጠጉር መጋረጃዎች ለዚያ ምድር የተመረጡ ናቸው። እንግዲህ በሰፈሩ የሚያልፍ ሰው ከውጭ የሚያየው የእረኛ ድንኳን ነበር፤ ወርቁ ያለው ከውስጥ ነው አለ።

መልስ 5። ሌላ ሰው በትሕትና አረመው። ከፍየል ጠጉሩ በላይ ቀይ የአውራ በግ ቁርበት፣ ከእሱም በላይ ሌላ ቁርበት አለ፤ ስለዚህ ከውጭ የሚታየው ቁርበት ነው። ቢሆንም የመልስ 4 ነጥብ አይፈርስም ብሎ ጨመረ።

መልስ 6። እዚህ ላይ ድምፁ ተለወጠ። ጸሐፊው በቀጥታ እኔን ነው የወቀሰው። በየገጠሩ ጣሪያ የሌለው ቤተ ክርስቲያን ሞልቶ ሳለ የሰጪውን እጅ የሚያሳጥር ነገር መጻፍ ከማን ወገን መሆን ነው አለ። ሽቱው በ300 ዲናር ተሸጦ ለድሆች ለምን አልተሰጠም ያለውን ይሁዳን አነሣ፤ በእግዚአብሔር ቤት ገንዘብ ላይ ጥያቄ የሚያበዛ ሰው መንፈሱ ያ ነው አለ። አገልጋይ የሚጠየቀው በላከው ጌታ ፊት እንጂ በመድረክ ላይ በሚጽፍ ሰው ፊት አይደለም ሲል ደመደመ።

መልስ 7። አንድ መስመር ነበር፤ የተሳለ ግን። ይሁዳን የጠቀስክ ሰው ቀጥሎ ያለውን ቁጥርም አንብብ፤ ከረጢቱን ይዞ የነበረው ማን ነበር፣ ከተጨመረበትስ ይወስድ የነበረው ማን ነው የሚል።

መልስ 8። የመልስ 6 ባለቤት ተመለሰ፤ አሁን ግን ማስረጃ ይዞ። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 12 በንጉሥ ኢዮአስ ዘመን ቤተ መቅደሱ ሲታደስ ገንዘቡን ለሠራተኞች እንዲከፍሉ የተሰጣቸውን ሰዎች በታማኝነት ይሠሩ ነበርና ማንም አልተቆጣጠራቸውም ይላል። መጽሐፍ ራሱ ሒሳብ አልጠየቀም፤ አንተ ለምን ትጠይቃለህ አለኝ። ቁጣውን ትተን ካየነው በዚህ ክር ላይ የቀረበብኝ ትልቁ ክርክር ይህ ነው፤ እንዲሁ ሊታለፍ አይገባም።

መልስ 9። መልሱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ያንን ምዕራፍ ከላይ ጀምረን እናንብበው አልኩ። ታሪኩ የሚጀምረው በኢዮአስ 23ኛ ዓመት ካህናቱ ገንዘብ ሲቀበሉ ኖረው የቤቱን ፍራሽ ሳይጠግኑ በመገኘታቸው ነው። ንጉሡ ጠራቸው፤ ከእንግዲህ ገንዘብ አትቀበሉ አላቸው። ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን ወስዶ ክዳኑን ነድሎ በመሠዊያው አጠገብ አኖረው። ሣጥኑ ሲሞላ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ አብረው መጥተው ይቆጥሩና በከረጢት ያስሩት ነበር። ለሥራው አለቆች የተሰጠው የተቆጠረው ገንዘብ ነው፤ እነሱም ለአናጢዎችና ለድንጋይ ወቃሪዎች ከፈሉ። አልተቆጣጠሯቸውም የሚለው ቁጥር የተጻፈው ከዚህ ሁሉ ሥርዓት በኋላ ነው። ሁለት ሰው ከሁለት ወገን ተቀምጦ የሚቆጥርበት ሙዳየ ምጽዋት ባለበት አጥቢያ እኔም ሠራተኛውን ስለ ምስማር አልጠይቀውም።

መልስ 10። እስራኤል ሀገር የሚኖር ወንድም ሁለት ነገር ይዞ ገባ። የመጀመሪያው ከኤላት በስተ ሰሜን በቲምና ሸለቆ በሙሉ ልኩ ስለተሠራው የድንኳኑ አምሳያ ነው። ጎብኝቶታል፤ ያስገረመው ማነሱ ነው። ድንኳኑ ርዝመቱ 30 ክንድ ወርዱ 10 ክንድ፣ ማለት 13 ሜትር ተኩል በ4 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ቅጥር ግቢው 100 በ50 ክንድ ነው። ያደገበት መንደር ጸሎት ቤት ከዚህ አያንስም ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ያ ሁሉ ወርቅና ብር ተሰብስቦ የተሠራው ሊሸከሙት የሚቻል ነገር ነው፤ ትልቅነት የተፈለገ ነገር አልነበረም አለ።

ሁለተኛው ከአይሁድ መምህራን ትውፊት ነው። ሚድራሽ በሚባለው የመጽሐፍ ትርጓሜያቸው እንደሚተረከው ሙሴ ሒሳቡን ሲያቀርብ 1,775ቱ ሰቅል የት እንደዋለ ጠፋበት፤ ሕዝቡ እንዳይጠረጥረው ተጨነቀ፤ ቀና ብሎ የምሰሶዎቹን ኩላቦች ሲያይ ጊዜ ለእነሱ እንደዋለ አስታወሰ። ሚሽና በሚባለው የሕግ መጽሐፋቸውም ሸቃሊም በሚባለው ክፍል ከቤተ መቅደሱ ግምጃ ቤት ገንዘብ ሊያወጣ የሚገባ ሰው ጠርዙ የታጠፈ ካባ ለብሶ፣ ጫማ ወይም ሰንደል ተጫምቶ እንዳይገባ ተደንግጓል። ምክንያቱም ሰውየው ኋላ ቢደኸይ በግምጃ ቤቱ ኃጢአት ደኸየ፣ ቢበለጽግ ከግምጃ ቤቱ በወሰደው በለጸገ እንዳይባል ነው። መምህራኑ የሚጠቅሱት ቃል ከኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 32 ነው፤ በእግዚአብሔርም በእስራኤልም ፊት ንጹሕ ሁኑ የሚለውን። ለመልስ 6 ከሁሉ የተሻለው መልስ ይህ ይመስለኛል፤ አገልጋይ በጌታው ፊት ብቻ ሳይሆን በሕዝቡም ፊት ንጹሕ መሆን አለበት።

መልስ 11 እና 12። ስለ ቲምና ሙቀትና በየትኛው ወር መሄድ እንደሚሻል። ያለ ርእሱ የገባ ቢሆንም ለመሄድ ላሰቡ ጠቅሟል።

መልስ 13። አንድ ሰው ታቦቱ አክሱም መኖሩንና አለመኖሩን አነሣ። ወዲያው ሁለት ወገን ቆመ፤ ዘለፋም ተሰማ። አወያዩ ጣልቃ ገብቶ ለዚያ ጉዳይ የራሱ ክር እንዳለ አስታወቀና ስድብ የነበረባቸውን መልሶች አነሣ። ጥሩ አደረገ።

መልስ 14። የወንጌላውያን አማኝ መሆኑን ገልጾ የጻፈ ወንድም በጨዋነት ግን በጥብቅ ተቃወመኝ። የዕብራውያን መልእክት ከምዕራፍ 8 ጀምሮ ድንኳኑ የሰማያዊው ጥላና ምሳሌ እንደሆነ ይናገራል፤ ክርስቶስ ሊቀ ካህናት ሆኖ በእጅ ወዳልተሠራችው ድንኳን ገብቷል። አካሉ ከመጣ በኋላ የጥላውን ሰቅል መቁጠር ምን ይረባል አለ። ስለ መጋረጃው መቀደድ ሳንናገር ስለ ናስ ክብደት መነጋገራችን አሳዝኖታል።

መልስ 15። ለዚህ አንድ ዲያቆን መለሰ። ምሥጢራዊው ትርጓሜ ለእኛም እንግዳ አይደለም አለ፤ የእሑድ ውዳሴ ማርያም ድንኳኗንና ታቦቱን፣ መና ያለበትን የወርቅ መሶብና የወርቁን መቅረዝ አንሥቶ በእመቤታችን የሚተረጉም ጸሎት ነው፤ ሕዝባችን በቃሉ ያውቀዋል። ሆኖም አባቶች ምሥጢሩን ሲተረጉሙ ታሪኩን አልሰረዙም። ነገሩ የተመዘነ፣ የተቆጠረ፣ በሰው ትከሻ የተጫነ እውነተኛ ዕቃ ባይሆን ምሳሌ የሚሆን ነገርም አይኖርም ነበር። ቀጥሎ ወንድማችን በሚያከብረው በሐዲስ ኪዳን በኩል ሄደ። ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ሁለተኛ መልእክት ምዕራፍ 8 ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተሰበሰበውን ገንዘብ ሲልክ ማንም እንዳይነቅፈን እንጠነቀቃለን፤ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን እናስባለን ይላል። አካሉ ከመጣ በኋላም ገንዘብ ሲነሣ ሐዋርያው ምስክር አቁሟል ማለት ነው። የመልስ 14 ወንድም ይህን አንብቦ ምስጋናውን ጻፈ፤ ስለ መጋረጃው ግን ሌላ ክር እንዲከፈት ጠየቀ። ተገቢ ጥያቄ ነው።

መልስ 16። የክሩ ልብ ይህ ነው እላለሁ። ዓይናቸው ስለደከመ በልጅ ልጃቸው እጅ ያስጻፉ እናት ናቸው። ምዕራፍ 38ን ከምዕራፍ 32 ጋር አስተያዩት ልጆቼ አሉ። ሙሴ በተራራው ሳለ አሮን የወርቅ ጉትቻችሁን ሰብራችሁ አምጡ አለ፤ ሕዝቡም አመጣ፤ ለጥጃው ለመስጠት ማንም አልዘገየም። ስንት መክሊት እንደገባ አልተጻፈም። የመዘነ የለም፤ ይበቃል ያለም የለም። ሙሴ ወርዶ ሲጠይቅ አሮን ምን አለ? ወርቁን ሰጡኝ፤ በእሳት ላይ ጣልሁት፤ ይህም ጥጃ ወጣ አለ። ወርቁ የት ደረሰ ተብሎ ሲጠየቅ የሰጠው ሒሳብ ይኸው ብቻ ነው። ከጥቂት ምዕራፎች በኋላ ግን የዚያው ሰው ልጅ ኢታምር ቆሞ ወርቅ ይህን ያህል፣ ብር ይህን ያህል፣ ናስ ይህን ያህል እያለ ያስቆጥራል። እናታችን እንዳሉት የጥጃውም የማደሪያውም ወርቅ ከግብፅ የወጣው ያው ወርቅ ነው፤ ሰጪውም ያው ሕዝብ ነው። ሰው ለመስጠት መጨከኑ ብቻ የሰጠበትን ነገር ቅዱስ አያደርገውም።

በእኔ በኩል ስለ መስጠት የተሰበኩ ብዙ ስብከቶች ከዚህ መልስ ጋር ሊተያዩ ይገባል ባይ ነኝ። ሰጪ ልብ መኖሩ ለጥጃም ይሆናል። የጥጃው ወርቅ ተፈጭቶ ዱቄቱ በውኃ ላይ ተበተነ፤ ያመጡትም ጠጡት፤ ማን ምን ያህል እንዳመጣ ዛሬ የሚያውቅ የለም። የማደሪያው ግን እስከ መጨረሻዋ ሰቅል ተጽፎ ይኸው እያነበብነው ነው።

መልስ 17። በሙያው የሒሳብ ባለሙያ የሆነ ወንድም እናታችንን አክብሮ ሁለት ማስተካከያ አቀረበ። አንደኛ፣ ኢታምር ለዚህ ሥራ የተሾመው በአባቱ በደል ምክንያት ነው የሚል ቃል በመጽሐፉ የለም፤ ተያያዥነቱን እኛ እንዳናስገባው። እሳቸውም እንዲህ አላሉም፤ ግን አንባቢ እንዲህ ሊረዳው ይችላል። ሁለተኛ፣ ምዕራፍ 38 ብሩና ናሱ ለምን ለምን እንደዋሉ ይዘረዝራል፤ ብሩ ለእግሮቹና ለኩላቦቹ፣ ናሱ ለመሠዊያው፣ ለደጃፉና ለግቢው እግሮች፣ ለካስማዎቹ። የወርቁ ግን ድምሩ ብቻ ነው የተሰጠው። በምዕራፍ 25 መቅረዙ ከነዕቃው ከ1 መክሊት ወርቅ እንደተሠራ ተጽፏል፤ የቀረው 28 መክሊት ከ730 ሰቅል በታቦቱ፣ በገበታው፣ በዕጣን መሠዊያው፣ በሳንቃዎቹና በልብሰ ተክህኖው ላይ ተከፋፍሏል። ስለዚህ ዝርዝር ሒሳብ ነበር ስንል የብሩንና የናሱን እያልን እንናገር አለ። ቃሉን እንዳለ ለመያዝ እንዲህ መጠንቀቅ ደስ ይላል።

መልስ 18። ከባቱ የጻፈ አናጢ ስለ ግራር ነገረን። ግራር ጠንካራ ነው፤ አይነቅዝም፤ ግን ጠማማና ቋጠሮ የበዛበት ነው። ቁመቱ 10 ክንድ፣ ወርዱ አንድ ክንድ ተኩል የሆነ ሳንቃ ከአንድ የግራር ግንድ አታወጣም፤ አገጣጥመህ ነው የምትሠራው። 48 እንዲህ ያለ ሳንቃ ያቃና እጅ ስንት ቀን እንደደከመ የሚያውቅ የእንጨት ሰው ነው አለ። እግዚአብሔር ከሩቅ አገር ዝግባ አምጡ አላለም፤ በበረሃው የበቀለውን እሾሃም ዛፍ መረጠ፤ በወርቅም ለበጠው። ካህናቱ የሚቆሙበት ወለል ስለመሠራቱ አንድም ቃል እንደሌለና በምድረ በዳው አፈር ላይ ሳይቆሙ እንዳልቀረም ጠቆመ። ከዚህ በኋላ እሱና የመልስ 4 ወንድም ስለ እንጨት ዓይነት ረጅም ወሬ ጀመሩ፤ ያልፋል።

መልስ 19 እስከ 21። አንዱ ባስልኤል በእግዚአብሔር መንፈስ ተሞላ ተብሎ የተጻፈለት የመጀመሪያው ሰው ነው አለ። ሌላው ከእሱ በፊት ፈርዖን ስለ ዮሴፍ የእግዚአብሔር መንፈስ ያለበት ሰው ብሎ እንደተናገረ አስታወሰው፤ መሞላት የሚለው ግን በባስልኤል መሆኑን ተቀበለ። ሦስተኛዋ ጨመረች፤ ባስልኤል ከይሁዳ ነገድ፣ ረዳቱ ኤልያብ ከዳን ነገድ ናቸው። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 10 ጉዞ ሲነሣ ይሁዳ ከፊት ይሄዳል፤ ዳን ከሁሉ ኋላ። የፊተኛውና የኋለኛው ነገድ በአንድ ሥራ ላይ ተገናኙ። ሁለቱም የማስተማር ልብ እንደተሰጣቸው በምዕራፍ 35 ተጽፏል፤ ሙያቸውን ደብቀው አልያዙም።

መልስ 22። ስለ ናሱ የመታጠቢያ ሰን። በድንኳኑ ደጃፍ የሚያገለግሉ ሴቶች መስተዋቶች ቀልጠው ሰኑ ተሠራ። ጸሐፊው ሴቶቹ ከንቱ ውበትን ተዉ ብሎ ሰበከበት።

መልስ 23። የመልስ 3 እህት ቆጣ ብላ መጣች። መጽሐፉ ያገለግሉ ነበር እንጂ ይኳኳሉ ነበር አይልም አለች። የራሳቸውን ዕቃ ሰጥተው ካህናቱ እጅና እግራቸውን የሚታጠቡበትን ሰን ያስገኙ ሴቶች ወቀሳ ሳይሆን ምስጋና ይገባቸዋል። ከጎኗ ቆሜያለሁ።

መልስ 24። አውሮፓ ካለ አጥቢያ የመጣ ምስክርነት፤ ቦታውን አልጠራም። ሕንፃ ለመግዛት ገንዘብ ተሰበሰበ፤ የተባለው መጠን ሞላ፤ ሕንፃው ተገዛ። ቃል ማስገባቱ ግን በዚያው ስም ቀጠለ። ሰው ለምን ብሎ ሲጠይቅ የእምነት ማነስ ነው ተባለ። ሒሳቡ ሳይነበብ ዓመታት አለፉ፤ ምእመኑ ለሁለት ተከፈለ። ወላጆች በአንዱ ቤት፣ ልጆች በሌላው የሚያስቀድሱ ቤተሰቦች አሉ። ጸሐፊው የተወሰደ ገንዘብ አለ ብሎ አልከሰሰም፤ ምናልባት አንድ ሳንቲም አልጠፋ ይሆናል ነው ያለው። ያጣላቸው የሚነበብ ወረቀት አለመኖሩ ነው። ይህን ሳነብ በጣም አዘንኩ።

መልስ 25። የመልስ 6 ባለቤት ለሦስተኛ ጊዜ ጻፈ። ንግግሩ ለዝቧል፤ አቋሙ ግን ያው ነው። ይበቃል የሚለው ትምህርት ለከተማና ለውጭ አገር ምእመን ነው አለ። እሱ ያደገበት የገጠር አጥቢያ ግድግዳው ከቆመ ቆይቷል፤ ቆርቆሮ መግዣ ግን የለም፤ ሕዝቡም ድርቅ ያጎሳቆለው ነው። እዚያ ሄዶ ምዕራፍ 36ን መስበክ ማሾፍ ይሆናል።

መልስ 26። ይህም የእኔ ነው። ስለ ምዕራፍ 36 የተናገረው እውነት ነው፤ ያልሞላለት አጥቢያ ይበቃል ማለት አይችልም፤ ለዚያ አጥቢያ ልንሰጥ ይገባል። ምዕራፍ 38 ግን የባለጠጋ ትምህርት አይደለም። ግማሽ ሰቅል ትንሽ ገንዘብ ነው፤ ከድሃም ከባለጠጋም ተወስዶ ተቆጥሯል። አንድ ቆርቆሮ ለመግዛት 5 ብር ያዋጣች ባልቴት 5 ብሯ የትኛው መዝገብ ላይ እንዳለ ማወቅ ይገባታል፤ እንዲያውም ከማንም ይበልጥ ለእሷ ይገባል፤ ለእሷ ያ ገንዘብ የአንድ ቀን ጉርሷ ሊሆን ይችላልና። ወንድሜ ለዚህ አልመለሰም፤ የአጥቢያውን ጉዳይ ግን በግል ጽፎልኛል፤ ሊረዱ የጠየቁትን ሰዎች ከእሱ ጋር አገናኝቻለሁ።

መልስ 27። ሥራው ከመጀመሩ በፊት በምዕራፍ 35 መጀመሪያ ላይ የሰንበት ትእዛዝ መቀመጡን ያስታወሰ አጭር መልስ። ለመቅደሱ ሲባል እንኳ ሰንበት አይሻርም። የሕንፃ ሥራ በእሑድ ቅዳሴ ሰዓት እንዲቀጥል ለሚያዝዙ ኮሚቴዎች ይድረስልኝ ብሏል።

መልስ 28። የአንድ ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ የሆነች እህት ተግባራዊ ጥያቄ ይዛ መጣች። የእነሱ አጥቢያ ለጣሪያው ያቀደው ገንዘብ ሞልቷል፤ ቃል የገቡ ሰዎች ግን ገና እያመጡ ነው። ከኮሚቴው ግማሹ ዝም ብለን እንቀበል፣ ለሌላ ሥራ ይሆናል ይላል። ምን ላድርግ አለች።

መልስ 29። የሒሳብ ባለሙያው ሦስት ነገር መከራት። ከዛሬ ጀምሮ የሚገባው ለጣሪያው በሚለው ደረሰኝ አይቆረጥ። የጣሪያው ሒሳብ ተዘግቶ ከሰበካ ጉባኤው ውጭ በሆነ ሰው ይመርመር። ከዚያ የገባውና የወጣው በአንድ ገጽ ተጽፎ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፍ።

መልስ 30። እኔ የጨመርኩት ትንሽ ነው። ምዕራፍ 36 የመጣው በቂ ሆኖ እንደተረፈ ይናገራል፤ ሙሴ ግን የተረፈውን ምክንያት አድርጎ ሌላ ሥራ አልጀመረም፤ አዋጁን ነው ያስነገረው። ስለዚህ መጀመሪያ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለጣሪያው ሞልቷል ተብሎ ለሕዝቡ ይነገር። ቀሪ ቃል ያለባቸው ሰዎች ነፃ መሆናቸውን ይወቁ፤ ለሌላ ሥራ ሊሰጡ የወደዱ ካሉ ሥራው ምን እንደሆነ ተነግሯቸው በስሙ ይስጡ።

መልስ 31። እህታችን ኮሚቴውን አሳምናለች። አዋጁ በሚቀጥለው እሑድ እንዲነገር ተወስኗል፤ ገጹንም እሷ ራሷ እያዘጋጀች ነው። የብሎኬት፣ የሲሚንቶና የቆርቆሮ ወጪ በየመስመሩ እንዴት እንደሚቀመጥ ሌሎች ገንዘብ ያዦች እንዲያዩት ረቂቁን እዚሁ ክር ላይ ለመለጠፍ ፈቃድ ጠየቀች። አወያዩ ፈቅዶላታል።